ዳር ይሻላል መሃል? ስለ አዲስ አበባ ኑሮና ትራንስፖርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካዛንቺስ ዘጠኝ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ከዚያ ለባለቤቴ የ20/80 ኮንዶሚኒየም (ሃያ በመቶው ተከፍሎ ሰማንያው በባንክ ብድር የሚሸፈነው) ደረሳትና የካ አባዶ ገባን። ሥራዬ ያኔም ሜክሲኮ ነበር፣ አሁንም ሜክሲኮ ነው። መሃሉንም ዳሩንም ቀምሼዋለሁ ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ቤት የሚፈልግ ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ የሚደውለው። ሲደውል ደግሞ ከየቦታው የለቃቀመውን ወሬ ይዞ ነው። አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ጊዜ ያለፈበት ነው። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዳር ስትወጣ ወጪ ይቀንሳል»

ኪራይ አዎ፣ ይቀንሳል። መሃል ላይ ስቱዲዮ በምትከራዩበት ብር ዳር ባለ ሁለት መኝታ ልታገኙ ትችላላችሁ። ደላላው የሚነግራችሁ እስከዚህ ያለውን ነው።

የቀረውን እኔ ልደምር። ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ለሒሳብ እንዲመች አንዱን ታክሲ 20 ብር እንበለው። ሦስት ታክሲ የሚይዝ ሰው ደርሶ መልስ በቀን 120 ብር ያወጣል። ቅዳሜን ጨምሮ በወር 26 ቀን ከሠራ 3,120 ብር ሆነ። ባልና ሚስት ከሆኑ 6,240። በዚህ ላይ የልጆች ሰርቪስ አለ። መሽቶ ታክሲ ሲጠፋ ኮንትራት የሚያዝበት ቀን አለ። ምሳም ቤት ገብቶ መብላት ቀረ፤ ወይ ይቋጠራል፣ ወይ ይገዛል።

ቤቱ የራስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የባንክ ዕዳ አንድ ቀን ያልቃል፤ ኪራይ አያልቅም። እየተከራያችሁ ዳር የምትወጡ ከሆነ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ከኪራይ የተረፈው ብር ታክሲ ውስጥ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ዋናው ነገር ርቀቱ ነው»

የቢሮ ባልደረባዬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የሚኖረው። ከእኔ ቤት ጋር ሲወዳደር የእሱ ሰፈር ለሥራችን በጣም ይቀርባል። «አንተ እኮ ክፍለ ሀገር ነህ» ይለኛል። ሆኖም ብዙ ጠዋት በር ላይ የምንገናኘው እኩል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እሱ ከፈረንሳይ 4 ኪሎ ይወርድና እንደገና ይሰለፋል። 4 ኪሎ ላይ ደግሞ የሚሰለፈው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከሽሮሜዳውም ከፒያሳውም የመጣ አለ። ለሜክሲኮ ታክሲ እዚያ የሚቆመው ጊዜ ከጉዞው ይበልጣል። እኔ ከየካ አባዶ አያት እወርዳለሁ፣ ከአያት ባቡር እይዛለሁ፣ ሜክሲኮ ድረስ አልነሳም። መንገዴ ረጅም ነው፣ ግን ወርጄ የምቀይረው አንዴ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልለውም። «ስንት ቦታ ትወርዳለህ?» ነው የምለው። አንድ ተጨማሪ መውረጃ ማለት አንድ ተጨማሪ ሰልፍ ነው። ሰልፉ ደግሞ አንዳንድ ቀን አምስት ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን አርባ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ሰው ሥራ የሚረፍደው በርቀቱ ይመስለዋል። ርቀቱማ ሁልጊዜ ያው ነው፤ በየቀኑ የሚለዋወጠው ሰልፉ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ሚኒባስ ታክሲዎች በቀጠና ተመድበው መስመራቸውን የሚያሳይ ታፔላ ለጥፈው ነው የሚሠሩት። በወረቀት ደረጃ አንድ ታክሲ ከመነሻው እስከ መድረሻው መሄድ አለበት። ሰው ሲበዛ ግን አቆራርጦ የሚጭን አይጠፋም። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ታፔላው አያት የሚል ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ ብቻ» ሲል የሰማሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አንዲት እናት «ታፔላህ ምን ይላል ልጄ?» አሉት። «እማማ፣ ታፔላው አይነዳም» አላቸው። ሰው ሳቀ። መገናኛ ላይ ግን ሁላችንም ወርደን ሁለተኛ ሒሳብ ለመክፈል ተሰለፍን።

«መሃል የሚኖር ሰው ትራንስፖርት አያስጨንቀውም»

ይህን የሚለው መሃል ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው። ካዛንቺስ ሳለሁ የሚቀርበኝ የባቡር ጣቢያ ባምቢስ ነበር። ጠዋት ከአያት የተነሳው ባቡር ሲኤምሲን፣ ጉርድ ሾላን፣ መገናኛን፣ ሃያ ሁለትን አልፎ ባምቢስ ሲደርስ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈ ጉንጭ ታያላችሁ። በሩ ይከፈታል። አንድ ሰው እየታገለ ይወርዳል። አሥር ሰው ሊገባ ይሞክራል። ሁለቱ ይገባሉ፣ የአንዱ ቦርሳ ውጭ ይቀራል። እኔ ስንት ጊዜ ተስፋ ቆርጬ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ወርጃለሁ!

ታክሲም እንደዚያው ነው። ሚኒባስ መነሻው ላይ ሞልቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። መንገድ መሃል የሚኖር ሰው የሚያገኘው ወራጅ የለቀቀውን ወንበር ነው፤ ጠዋት ደግሞ መሃል ላይ የሚወርድ የለም። አሁን አያት ላይ ባዶ ባቡር ይጠብቀኛል። መስኮት መርጬ እቀመጣለሁ። እንቅልፍ የሚጨርሱ አሉ።

ማታ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያኔ ዳር የሚኖረው ሰው ይሰለፋል፣ የካዛንቺሱ ቤቱ ገብቶ ቡና ይጠጣል። መገናኛ ላይ ማታ ስሰለፍ የመጀመሪያ ሥራዬ ከፊቴ ያለውን ሰው መቁጠር ነው። ሚኒባሱ 12 ሰው ነው የሚጭነው። ስልሳኛ ከሆንኩ አምስተኛው የእኔ ነው ማለት ነው። ተራ አስከባሪው ጠርዝ ላይ ቆሞ «ከሰልፍ ውጭ ያለ አይገባም!» ይላል፤ በጎን የሚገባ ግን ሁልጊዜ አንድ ሁለት አለ። ከኋላ ወንበር ሦስት ሰው ተቀምጦ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» ሲባል ደግሞ 12 የተባለው 13 ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ስልሳኛ ለቆመ ሰው ይሄ ደስ የሚል ሕገ ወጥነት ነው።

«ባቡሩ እኮ ሞቷል»

አልሞተም። ታሟል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተመረቀው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። መጀመሪያ የሰሜን ደቡቡ፣ ከሳምንታት በኋላ የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ሥራ ጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 39 ጣቢያዎች አሉት። አያት የጀመረው ጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይ የጀመረው ቃሊቲ ይደርሳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሲጀመር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

የተገዙት ባቡሮች 41 ናቸው። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ። ባቡር ሲያንስ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ጊዜው ሲረዝም ሰው ይከማቻል፣ ሰው ሲከማች በር አይዘጋም። «ባቡሩ አይረባም» የሚለው ሰው ያየው ይሄን ነው። ሐዲዱ ግን ከመኪና መጨናነቅ ነጻ ነው። ከመገናኛ እስከ ስታዲየም ያለው አስፋልት ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ሲቆም ባቡሩ በጎን ያልፋል። ይምጣ እንጂ ከመጣማ አይቀደምም።

«አንበሳ ጊዜ ለሌለው ሰው አይሆንም»

አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም የተጀመረ ነው። አያቶቻችንም ሲጠብቁት ነበር፣ እኛም እየጠበቅነው ነው። ቀልዱ ስለሚጣፍጥ ሰው እውነት አድርጎታል።

እስቲ ወደዚያ የመገናኛ ሰልፍ እንመለስ። ስልሳኛ ለቆመ ሰው አምስት ሚኒባስ ያስፈልጋል። አንድ አንበሳ ወይም አንድ ሸገር አውቶቡስ ቢመጣ ግን ሰልፉን በአንዴ ጠርጎት ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ደግሞ የሁለት ሚኒባስ ያህል ነው። ዋጋውም ይቀንሳል፤ የከተማ አስተዳደሩ ስለሚደጉመው። ሰዓቱ እንደማይታመን አልክድም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፤ የታክሲው ሰልፍ ከሠላሳ ሰው ካለፈ አውቶቡሱ ጋ እሰለፋለሁ፣ ካነሰ ታክሲው ጋ።

«አንበሳ የድሃ ነው» የሚሉም አሉ። ያ ሰልፍ ውስጥ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ። ከፈለጉ መጥተው ይቁጠሩን።

«መኪና ብገዛ እገላገላለሁ»

ከታክሲ ሰልፍ ትገላገላላችሁ፣ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ትገባላችሁ። መገናኛ ላይ ታክሲውም የቤት መኪናውም ተጨናንቆ የሚቆመው አንድ መንገድ ላይ ነው። ከጥር 2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሰው ምርጫው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፣ አለዚያ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ። ሜክሲኮ ላይ ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞረውን ጓደኛዬን እኔ ከባቡር ወርጄ በእግሬ አልፌው አውቃለሁ።

እግር ካልን አይቀር፣ በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ስለ ትራንስፖርት ስናወራ ግን ሁሌ የምንረሳው እሱን ነው። ኮንዶሚኒየም ሳይቱ ውስጥ ከብሎካችሁ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብል ነው ወይስ ጭቃ? ሐምሌ ላይ ይሄ ጥያቄ ከታሪፉ ይበልጣል።

«ዳር ገጠር ነው፣ ምንም የለም»

የኮንዶሚኒየም ግንባታ ገርጂ ላይ ሲጀመር፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ገርጂም ዳር ነበር። ጀሞም እንዲሁ። ዛሬ ጀሞን ዳር የሚላት የለም፤ ባንኩ፣ ክሊኒኩ፣ ሥጋ ቤቱ ተደርድሯል። የካ አባዶ ስንገባ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እንቆጥር ነበር፣ ዳቦ የምንገዛው አያት ወርደን ነበር። አሁን ከብሎካችን ሥር ሦስት ሱቅ፣ አንድ እንጀራ አከፋፋይ፣ ሁለት ጸጉር ቤት አለ። ነገሩ ይመጣል። የሚዘገየው ትራንስፖርቱ ነው፤ ሰው ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው መስመር የሚከፈተው።

መሃሉም ባለበት አልቆየም። በኮሪደር ልማት በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ፈረሱና ብዙ ሰው ወደ ዳር ሳይቶች ተዛወረ። እኔ የተከራየሁበት ግቢም የለም። የድሮ አከራዬ አሁን የሚኖሩት ከእኔ ይበልጥ ዳር ነው። ዕድራቸውን ግን አልለቀቁም። ለቅሶ ሲኖር ሁለት ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ። «ጎረቤት እንደ ቤት በካሳ አይተካም» ብለውኛል በስልክ።

«ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው»

መቼ ነው ያያችሁት? ደላላ ቤት የሚያሳየው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ጠዋት ነው። እሁድ ጠዋት ከሜክሲኮ አያት ማንም ይበራል። ቤት ከመያዛችሁ በፊት ሰኞን ምረጡ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ቦታችሁ ተነሱ፣ የሰው መኪና ሳትለምኑ፣ እንደ ነዋሪ ተሰልፋችሁ ሂዱ። በማግስቱም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሳይቱ በር ተነሱ። ሱቁ ያለውን ልጅ «ስንት ሰዓት ላይ ነው ታክሲ የሚጠፋው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከደላላው የተሻለ ያውቃል።

እኛ «እንግባበት ወይስ እናከራየው?» ብለን ቤታችንን ልናይ የሄድነው እሁድ ነበር። ባለቤቴ ሰዓቷን አይታ «ቅርብ ነው እኮ!» አለች። እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ ስደውልላት የምታነሳው «ቅርብ ነው እኮ» ብላ ነው።