በእርግጫ የሚለካ ጎማ፦ ስለ አስጎብኚ መኪና ጎማዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወደ ዳናኪል፣ ወደ ኦሞ ወይም ወደ ባሌ የሚወጣ አስጎብኚ መኪና ብዙ ይሸከማል። እንግዳ አለ፣ ድንኳን አለ፣ የምግብ ሣጥን አለ፣ ጣሪያ ላይ ውሃና ነዳጅ በጀሪካን አለ። ዘይቱን በሰዓቱ የሚቀይር፣ ፍሬኑን የሚያስፈትሽ ጠንቃቃ ሹፌር እንኳን ጎማ ላይ ሲደርስ በልማድ ነው የሚሄደው። ከሹፌሮች፣ ከጎሚስታዎችና ከመኪና ባለቤቶች ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ ላንሳቸው። አንዳንዶቹ ሰው ይገድላሉ።

«በእግሬ መታ ካደረግኩት አውቀዋለሁ»

ማለዳ ጉዞ ሊጀመር ሲል ሹፌሩ መኪናውን ይዞራል። እያንዳንዱን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ ያደርግና «አሪፍ ነው፣ እንሂድ» ይላል። እርግጫ የሚነግረን ጎማው ጨርሶ አለመተንፈሱን ብቻ ነው። ላንድክሩዘር ላይ የሚገጠሙት ጎማዎች ጎናቸው ወፍራም ነው። ከሚገባው በታች 10 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ቢጎድላቸውም ቆመው ሲታዩ ምንም የሆኑ አይመስሉም።

መፍትሔው ኪስ የሚገባ የነፋስ መለኪያ ነው። የሚለካው ደግሞ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ ነው። ነዳጅ ማደያ ደርሰን ስንለካ ጎማው ሞቋል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ ከፍ ይላል።

«ቆላ ስንወርድ ነፋስ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ይፈነዳል»

ይሄኛው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌና ሰመራ የሚወርደው መንገድ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ መኪና አቁሞ ከጎማ ነፋስ የሚያስተነፍስ ሹፌር ማየት የተለመደ ነው። «ነፋሱ አብጧል» ይላል። ሲለካው እውነትም ጨምሯል። ነገር ግን መጨመር አለበት። ሲነዳ የቆየ ጎማ ጠዋት ከነበረው ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ቢጨምር ጤነኛ ነው። አምራቹ ይህን አስቦ ነው የቀዝቃዛውን መጠን የወሰነው።

ጠዋት 35 የነበረው ጎማ ሲሞቅ 41 ሆነ እንበል። ሹፌሩ ወደ 35 አወረደው። ማታ ሲቀዘቅዝ ስንት ይሆናል? 30 ግድም። በዚያው ነፋስ፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ በማግስቱ እንደገና ይነሳል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ጎማውና በውስጡ ያሉት ክሮች የተጣበቁበትን ያላላል። ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ቅጽበት የሚቀደደው። ፍንዳታን ፈርቶ ያወጣው ነፋስ ራሱ ፍንዳታ ያመጣበታል።

ከፍታስ? እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ደስ የሚል ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ የከባቢ አየሩ ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው። የዳናኪሉ የጨው ሜዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ ግፊቱ ወደ 15 ይጠጋል። መለኪያችን የሚያሳየን በጎማው ውስጥና በውጭው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 35 የነበረው ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ ዳናኪል ላይ 31 ግድም ያሳይ ነበር። ግን ሙቀቱ ይለወጣል። አዲስ አበባ ጠዋት 12 ዲግሪ፣ እዚያ 40 ዲግሪ ቢሆን ከአራት በላይ ይጨምራል። አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይመልሰዋል፤ ቆሞ የቆየው ጎማ ዞሮ ዞሮ 35 አካባቢ ያሳያል። እንግዲህ በዳናኪል ውስጥ ላለው ለዳሎል ሙቀት ብሎ አስቀድሞ ነፋስ መቀነስ ምንም መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ የሚያልፈው ዳሎል እንኳን ይህን አይቀይረውም። ሰፈር ከደረሳችሁ፣ አድራችሁ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ለኩ። ማስተካከል ካለበት ያኔ ይስተካከላል።

ጎማው በመንገድ ላይ ከልክ በላይ፣ 10 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ ከጨመረ ግን ምልክት ነው። ወይ ጠዋት ነፋሱ አንሶ ነበር፣ ወይ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይ ፍጥነቱ አልፏል። ያኔ ጥላ ፈልጋችሁ አርፉ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጭነቱንም እዩት። የጋለውን ጎማ አታስተንፍሱት።

«ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው የሚሞላው»

አይደለም። ጎማው ጎን ላይ ከፒኤስአይ ጋር የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ግፊት ነው። የሚሞላው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ለየብቻ ተጽፏል። ከልክ በላይ የተሞላ ጎማ በመሃሉ ብቻ ያልቃል፣ ኮረኮንች ላይ ይነጥራል፣ ሹል ድንጋይም ቶሎ ይቆርጠዋል።

«15 ስለሚል የ2015 ጎማ ነው፣ አዲስ ነው»

ይህ የእኛ አገር ስህተት ነው፤ ገንዘብም ያስከፍላል። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ተብለው ከሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደላት ተከትሎ የሚመጣው ረጅም ኮድ በአራት አኃዝ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 3215 ማለት የ2015 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር። በእኛ ሲሰላ የሐምሌ 2007 መጨረሻና የነሐሴ መጀመሪያ ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ገዢ ሰባት ስምንት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ጎማ በአዲስ ዋጋ ተሸክሞ ይሄዳል።

ሙሉው ኮድ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚጻፈው። መኪና ላይ ከሆነ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት።

«ጥርሱ ገና ነው»

ጥርስ ስለ መበላት ይናገራል እንጂ ስለ ዕድሜ አይናገርም። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። አየር፣ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ይጀምራል። በኮቪድ ጊዜ ጉብኝት ሲቋረጥ ብዙ አስጎብኚ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሥራ ሲመለስ ጥርሳቸው ሙሉ ስለነበር ብቻ በነበሩት ጎማዎች የቀጠሉ አሉ። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲወርድ ይመክራሉ።

ስኮርታውንም ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ስኮርታ ጎማ «አንድም ቀን አልሠራም» ተብሎ ይመሰገናል። የሚፈለገው ግን ከጎሚስታ በጣም በራቀ ቦታ ላይ ነው። ለረጅም መንገድ ሁለት ስኮርታ ያዙ፤ ነፋሳቸውንም ከአራቱ ጋር አብራችሁ ለኩ።

«ጎኑ ቢቀደድም ከመነዳሪ ገብቶለት ይሠራል»

በኤርታሌ ዙሪያ ያለው የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው። የጎማን ጎን ይቆርጣል። አንዳንድ ቦታ ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይደረግና ከመነዳሪ (ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ገብቶ «ጨርሷል» ይባላል። ነፋሱን ይይዛል፣ እውነት ነው። የተቆረጡት ክሮች ግን አልተቀጠሉም። ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከበረሃ እስከሚቀርበው ከተማ ቀስ ብሎ ለመውጣት ካልሆነ በቀር፣ እንግዳ አሳፍሮ በዚያ ጎማ አስፋልት ላይ መሮጥ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። የሚጠገነው ምስማር የገባበት የጥርሱ መሃል ነው፤ እሱም ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ከውስጥ ተለጥፎ። ከውጭ የሚሰካው ማጣበቂያ ለጊዜው ያሻግራል፣ ከዚያ አያልፍም።

«ናፍጣ ሲቀባ ያምራል»

ላቫጆ ላይ ጎማን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት ማጥቆር አለ። ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፤ ግን ነዳጅና ዘይት ጎማን ያላሽቃሉ። ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

«አዲሶቹ ሁለቱ ከፊት ይሁኑ»

መሪው ያለው ከፊት ስለሆነ እንዲህ ይመስላል። ነገር ግን በዝናብ ፊቱ ሲንሸራተት ሹፌር እግሩን ከነዳጅ አንስቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ኋላው ከሸሸ መኪናው ይዞራል፤ ያኔ ማዳን ከባድ ነው። ሁለት ብቻ ከተገዙ ጥሩዎቹ ከኋላ ይሁኑ። ሁልጊዜ በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ከሆነ ግን አራቱም ተመሳሳይ ቢሆኑ ይሻላል።

ናይትሮጅን ስለመሙላት የሚጠይቁኝም አሉ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጉዳት የለውም፣ ግን መለኪያ አይተካም።

«ልኩ ከገባ ሁሉም ጎማ አንድ ነው»

ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ነው። ሰባት ሰውና ጣሪያ ሙሉ ዕቃ ሲጫን አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው የኋላዎቹ ሁለት ላይ መሆኑ አይረሳ።

«አሸዋ ላይ ነፋስ መቀነስ ጎማ ይገድላል»

ይሄ ደግሞ በተቃራኒው የተሳሳተ ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለውን የኬስኬ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ለመሻገር ወደ 20 ፒኤስአይ ማውረድ ትክክል ነው። ጎማው ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ይቆማል። የሚገድለው ከዚያ በኋላ ሳይሞሉ መሮጥ ነው። ነፋስ የሚሞላውን ኮምፕሬሰር ከቤት ሳትወጡ አንድ ጎማ ላይ ሞክሩት። መንገድ ላይ ከተበላሸባችሁ፣ ነፋስ እስክታገኙ ድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፤ መሪውንም በኃይል አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።