ሜካኒካል የፍጥነት መለኪያ ምንድን ነው? ሲሳሳትስ ምርመራው ከየት ይጀመራል?

የድሮ የጭነት መኪና ጠቋሚው 80 ላይ እያለ መኪናው 90 እየበረረ ሊሆን ይችላል። ጭነት ለያዘ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት፣ ፍጥነቱ ከ80 ወደ 90 ሲወጣ ከሩብ በላይ ይጨምራል። ብዙ ሰው ግን "አርጅቷል" ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ሳይመረምር መለኪያውን አውጥቶ ሌላ ይገጥማል። ሌላውም እንደ በፊቱ ይሳሳታል። ለምን ቢባል፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ አይደለም።

ሜካኒካል የፍጥነት መለኪያ ሥራውን የሚጀምረው ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ላይ አንድ ባለጥርስ መዞሪያ አለ። እሱ ፒኞን የምትባል ሌላ ትንሽዬ ባለጥርስ መዞሪያ ያዞራል። ፒኞኑ ደግሞ በሽፋን ውስጥ ያለ ተጣጣፊ ኬብል ያሽከረክራል፤ ኬብሉ እስከ ዳሽቦርዱ ይደርሳል። እዚያ ከኬብሉ ጋር የሚዞር ማግኔት አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ስስ የአሉሚኒየም ኩባያ። ሁለቱ አይነካኩም። ነገር ግን ማግኔቱ ሲዞር ኩባያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ያ ጅረት ኩባያውን ማግኔቱ ወደሚዞርበት ይጎትተዋል። አንዲት ቀጭን ሞላ ወደኋላ ትይዘዋለች። ጉተታውና ሞላዋ እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ ጠቋሚው ይቆማል። ይህን ዘዴ ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ በ1902 (እ.ኤ.አ.) በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ዛሬ ድረስ በትክክል የሚሠሩ አሉ፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኪሎሜትር የሚቆጥረው ክፍልም የሚዞረው በዚያው ኬብል ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ማግኔትም ሞላም የለውም። በጥርስ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ሁለቱን ለየብቻ ይፈትኑ።

ለቆጣሪው የኪሎሜትር ምልክት ያለበትን መንገድ ይምረጡ። 10 ኪሎሜትር ይንዱና ቆጣሪው ስንት እንዳለ ይመልከቱ። ለጠቋሚው የስልክ ጂፒኤስ በቂ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ፣ ፍጥነት ሳይቀያይሩ፣ ሌላ ሰው ስልኩን እያነበበልዎ። ጂፒኤስ ከሌለ ረዳትዎ በሰከንድ ይያዝ፦ አንድ ኪሎሜትር በ60 ሰከንድ ካለቀ ፍጥነቱ 60 ነው፤ በ45 ሰከንድ ካለቀ 80 ነው። በ40፣ በ60 እና በ80 ለየብቻ ይመዝግቡ። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ቆጣሪውም ጠቋሚውም በተመሳሳይ መጠን ከተሳሳቱ መለኪያው ጤነኛ ነው። የተሳሳተ ዙር እየደረሰው ነው። መጀመሪያ ጎማውን ይጠርጥሩ። ከበፊቱ ትልቅ ጎማ ከተገጠመ፣ መንኮራኩሩ ለአንድ ኪሎሜትር የሚዞረው ያነሰ ስለሆነ መለኪያው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። አደገኛው ስህተት ይህ ነው፤ ነጂው ቀስ ያለ እየመሰለው ይፈጥናል። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የካምቢዮውን ዙር ቀንሶ ለመንኮራኩሮቹ የሚያካፍለውን የጥርስ ሳጥን፣ ይጠይቁ። ጥምርታው 4.11 የነበረው (መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.11 ጊዜ የሚዞርበት) በ3.55 ከተቀየረ፣ ጠቋሚው 80 ሲል መኪናው 92 አልፏል። ዲፈረንሻሉ ባለሁለት ፍጥነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዙሩ የሚቀየረው ከካምቢዮው በኋላ ስለሆነ፣ ለኬብሉ ማስተካከያ ሳጥን ያስፈልገዋል። መለኪያው በአንዱ ልክ ሆኖ በሌላው ከተሳሳተ፣ ሳጥኑን ይፈትሹ።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ትንሿን ፒኞን መቀየር ነው። የጥርሷ ቁጥር ሲበዛ ኬብሉ ይዘገያል፣ ንባቡም ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ያለውን የጥርስ ቁጥር በታየው ፍጥነት ያባዙ፣ በእውነተኛው ያካፍሉ። ባለ 20 ጥርስ ሆኖ እውነተኛው 80 ሲሆን 88 የሚያሳይ ከሆነ፣ 22 ጥርስ ይፈልጋል። የሚስማማ ፒኞን ከጠፋ፣ ኬብሉ መሐል የሚገባ ዙር ማስተካከያ ሳጥን አለ።

ቆጣሪው ልክ ሆኖ ጠቋሚው ብቻ ከተሳሳተ ግን ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ነው። እዚህ ነው በ40፣ በ60 እና በ80 የያዙት ማስታወሻ የሚጠቅመው። ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል 10 ከሆነ ጠቋሚው ከቦታው ተንሸራትቷል። ፍጥነት ሲጨምር ስህተቱም ከጨመረ፣ ማግኔቱ ደክሟል ወይም ሞላዋ ላልታለች። ማግኔት ሲደክም ንባቡ ይወርዳል፤ ሞላ ስትላላ ይወጣል። ሞላዋን በመቆንጠጫ ለማስተካከል አይሞክሩ። የመለኪያ ባለሙያ ይሥራት።

ሁለቱም ከቆሙ ኬብሉ ተበጥሷል ወይም ፒኞኗ ተበልታለች። ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኬብሉን ሳብ አድርገው ያውጡት፤ ጠረጴዛ ላይ በጣት ያንከባሉት። ደህና ኬብል ለስላሳ ይንከባለላል፣ የተጣመመ ይዘላል። የተጣመመውን ይቀይሩ። አዲሱን ሲዘረጉ የትም ቦታ ላይ በጠባቡ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ።

ግራሶ ላይ እጅዎ አይብዛ። ኬብሉን በስሱ ይቀቡ፤ ወደ መለኪያው የሚገባውን የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር ያህል ግን ይተዉት። ግራሶ እየወጣ ወደ ማግኔቱ ከደረሰ ኩባያውን ያጣብቀዋል፣ ጠቋሚውም ያለቅጥ ከፍ ይላል። የኬብሉ የላይኛ ጫፍ በካምቢዮ ዘይት ርሶ ካገኙት ደግሞ፣ ፒኞኗ ጋ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ አልቋል። መለኪያውን ከማጽዳት በፊት እሱን ይቀይሩ።