«ለውሻ ደግሞ ኦፕራሲዮን!»

ክረምት ላይ ነው። አንድ አባት ከመንዝ ውሻቸውን በባና ጠቅልለው በአይሱዙ ደብረ ብርሃን ድረስ አመጡት። ጅብ የኋላ ግራ እግሩን ይዞት ነበር። አምስት ቀን አልፎታል። ቁስሉ ላይ ቡና ተነስንሷል። ቡናውን ሳጥበው ከሥሩ መግል ወጣ፣ ከመግሉ ሥር የተሰባበረ አጥንት ታየ። «ልጄ፣ በጎቼን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለውሻ ደግሞ ኦፕራሲዮን ይሠራል እንዴ እያለ አዘገየኝ» አሉኝ።

ወደ እሳቸው ውሻ እመለሳለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ኦፕራሲዮን ላይ ካጣኋቸው ውሾችና ድመቶች ይልቅ ዘግይተው በመምጣታቸው ያጣኋቸው ይበልጣሉ። ያዘገዩዋቸው ደግሞ ደጋግሜ የምሰማቸው እነዚህ አባባሎች ናቸው።

«የእንስሳት ሐኪም ለከብትና ለበግ ነው»

አገራችን የበግ አገር ስለሆነ እንዲህ መታሰቡ አይገርምም። ግን የእንስሳት ሐኪም ስለ ውሻና ድመትም ይማራል። በየቀበሌው ያለ የእንስሳት ጤና ኬላ ሁሉ በማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። በግ ለማኮላሸት የምንጠቀምበት ቡርዲዞ፣ ማለትም ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን የሚቀጠቅጠው መቆንጠጫ፣ ግን ለውሻ አይሆንም። ውሻ የሚኮላሸው በማደንዘዣ ተኝቶ በቀዶ ሕክምና ነው።

«ማደንዘዣው ይገድለዋል»

ማደንዘዣ አደጋ የለውም አልልም። አለው። ግን አደጋው በአብዛኛው ልንቀንሰው የምንችለው ነው። የመጀመሪያው ምግብ ነው። ብዙ ሰው «እንዳይደክም ብለን ፍትፍት አብልተነው መጣን» ይለኛል። ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች አንዱ ዛይላዚን ሲሆን ራሱ ያስመልሳል። ሆዱ የሞላ ውሻ ተኝቶ ካስመለሰ ምግቡ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ትልቅ ውሻም ሆነ ድመት ከማታው 3 ሰዓት በኋላ ምግብ አይቅመስ። ውሃ እስከ ጠዋት ይጠጣ። ትንንሽ ቡችሎችና የድመት ግልገሎች ግን ረጅም ሰዓት መራብ የለባቸውም፤ ስኳራቸው ቶሎ ይወርዳል። ለእነሱ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። የተደነዘዘ እንስሳ አይንቀጠቀጥም፣ ራሱን ማሞቅም አይችልም። እኛ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ጎኑ ላይ እናደርጋለን። እናንተም ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ። ቤት ስትወስዱት የመጀመሪያውን ሌሊት በረንዳ ላይ አታሳድሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ የወሰደች ድመት ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው። አንዲት ልጅ በመስኮት አይታ «ነቅታ እያለች ነው የሚቆርጧት!» ብላ አልቅሳለች። ነቅታ አልነበረችም። ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት እንቀባላታለን።

«ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል»

ይህን ያላለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምላሱ ከላይ ያለውን ቆሻሻ ሊያነሳ ይችላል። ግን አፉ በጀርም የተሞላ ነው፣ ስፌቱንም ይበጥሰዋል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አንገቱ ላይ የሚታሰረው ሾጣጣ ላስቲክ ከሌለ፣ ሥሩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ባልዲ ጠርዙን በጨርቅ ሸፍናችሁ እሰሩለት። ለሆድ ስፌት የልጅ ካናቴራ ይሠራል። ጥብቅ ብሎ አያንቀው እንጂ። የቆዳ ክር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

ቡና፣ አመድ፣ ላምባ፣ የተቃጠለ ዘይት ቁስል ላይ አታድርጉ። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ከሥሩ የሚሆነውን ይሸፍናል እንጂ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ሲበርድ በእሱ እጠቡና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ኑ። አንጀት ከወጣ መልሳችሁ አትግፉት። በዚሁ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሩጡ።

«ቁስል ሁሉ መሰፋት አለበት» የሚሉም አሉ። ንክሻ ላይ ይህ አይሠራም። የጅብ ጥርስ ጀርሙን ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከላይ ከሰፋነው መግሉን ቆለፍንበት ማለት ነው። የሞተውን ሥጋ ቆርጠን አጥበን ክፍት የምንተወው ለዚህ ነው። ጅብ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ስለሚችል መጀመሪያ የምጠይቀው ክትባቱን ነው።

«የሰው ማስታገሻ ለእሷም ይሆናል»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንዲት እናት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። ኦፕራሲዮን ተሠርታ ከክሊኒክ ስትወጣ ደህና ነበረች። ሌሊት ስታቃስት አሳዘነቻቸውና ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል በወተት አሟሙተው ሰጧት። አፏን ስከፍተው ድዷ ቡናማ ሆኗል። ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እኔ ራሴ የምውጠው መድኃኒት ነውኮ ልጄ» አሉ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማርከስ አይችልም። ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አልተረፈችም። እማማ በፍቅር ነው የሰጡት፣ ስለዚህ ነው ነገሩን የማልተወው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለውሻም ለድመትም ጨጓራና ኩላሊት አደገኛ ናቸው። ካቃሰተ ደውሉ፤ ለእንስሳ የሚሆን ማስታገሻ አለ።

«ከተኮላሸ አይጠብቅም»

የተቀጠቀጠ በሬ ሲረጋጋ ስላየን ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ጥበቃው የሚመጣው ከዚያ፣ ቤቱን የእኔ ከማለቱ ነው። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞሩና በዚያ ሰበብ መደባደቡ ነው። ለመንዝ ሰው ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ የሚዞር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮ ሊያስተላልፍ ይችላል። ማኮላሸት ግን ክትባት አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለሴቷ ደግሞ «አንዴ ትውለድና» ይላሉ። መውለዷ ለጤናዋ የሚጨምረው የለም። ማህፀኗ ያልወጣ ውሻ ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ውሃ ታበዛለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሆዷ ይነፋል። ፈሳሽ ከታች ሊታይም ላይታይም ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። በደህናዋ ቀን የሚሠራው ኦፕራሲዮን በታመመችበት ቀን ከሚሠራው እጅግ ይቀላል።

«ጆሮው ከተቆረጠ ይጀግናል»

አይጀግንም። በምላጭ፣ ያለ ማደንዘዣ የተቆረጠ ቡችላ የሚማረው የሰው እጅ መፍራትን ነው።

«እባጩ ቶሎ ተቆርጦ ይውጣ»

ሁሉም አይቆረጥም። ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፍ፣ ብልታቸው ላይ እንደ አበባ ጎመን የሚያብጥና የሚደማ ዕጢ አለ። ቢቆረጥም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቪንክሪስቲን የሚባል መርፌ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

«እግሩ ከሚቆረጥ ይገላገል»

የመንዙ አባትም ይህንኑ ነበር ያሉት። እግሩ ከጉልበቱ በታች ሞቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ከታፋው ላይ ቆረጥነው። በነጋታው ጠዋት በሦስት እግሩ ቆሞ አገኘሁት። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አልብሰውታል። ጥር ላይ ለክትባት ሲያመጡት ከአይሱዙው ራሱ ዘሎ ወረደ። ትንሽ ወፍሯል። ክብደቱን የሚሸከሙት ሦስት እግሮች ስለሆኑ እንጀራውን ቀንሱለት አልኳቸው።