«ናይት ሎር» ባለ አንድ ቀለም የሆነው ማሽኑ ቀለም ስላልነበረው አይደለም

የቆዩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር «ናይት ሎር» ላይ የሚሰጠው ፍርድ ታክቶኛል፦ «የዚያ ዘመን ማሽን ቀለም ስለማያውቅ ነው።» ጨዋታውን አልቲሜት ፕሌይ ዘ ጌም የተባለው የእንግሊዞቹ የስታምፐር ወንድማማቾች ድርጅት በ1984 እ.ኤ.አ. ዜድኤክስ ስፔክትረም ለተባለው የቤት ኮምፒውተር አወጣው። ሌሊት ሌሊት ወደ ተኩላነት የሚለወጠው ሴበርማን በ40 ቀናት ውስጥ ከእርግማኑ ለመፈታት ከክፍል ክፍል ይንከራተታል። እያንዳንዱ ክፍል በጥቁር መደብ ላይ በአንድ ቀለም መሣሉ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ስፔክትረም ስምንት ቀለማት ነበሩት፤ ከጥቁር በቀር ሁሉም ደብዘዝና ደመቅ ብለው ይወጣሉ። ችግሩ ያለው ቀለሙ በሚመዘገብበት መንገድ ላይ ነው። ለ256 በ192 ነጥቦች ለእያንዳንዳቸው ቀለም ይመዝገብ ቢባል ስክሪኑ ብቻውን ከማሽኑ 48 ኪሎባይት ሜሞሪ ግማሹን ይወስድ ነበር። ስለዚህ ስክሪኑ ስምንት በስምንት ነጥብ ወዳላቸው 768 ሳጥኖች ተከፈለ፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ የሥዕልና አንድ የመደብ ቀለም ብቻ ይገባል።

እንግዲህ ሴበርማንን ቢጫ፣ የቆመበትን ድንጋይ አረንጓዴ አድርጉት። ጨዋታው በተሣለበት በአይሶሜትሪክ አሣሣል ክፍሉ ከላይ ሆኖ ከማዕዘን ስለሚታይ ጠርዞቹ ሰያፍ ናቸው፤ የሰውየው እግርና የድንጋዩ ጠርዝ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገናኛሉ። ሳጥኑ ቢጫ ሲሆን ጠርዙም ቢጫ ይሆናል፤ በተራመደ ቁጥር እድፉ ይከተለዋል። ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በዚህ አሣሣል ሩቅ ያለ ዕቃ አያንስም፤ ከኋላ ያለውና ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ ሊወድቁ ይችላሉ። ተጫዋቹ የሚመካው በጠርዝ ነው። ጠርዙን ካበላሻችሁበት የሚዘልበትን አያውቅም።

ግራፊክስ የማስተምራቸው ወጣቶች አላምን ሲሉኝ ካሬ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። አንዷ ተማሪ የሳጥኑን ሕግ ጠብቃ ቀብታ ስትጨርስ፣ የሰውየው እግር የት አልቆ ድንጋዩ የት እንደሚጀምር ራሷ መለየት አቃታት። እናንተም እንዲህ ያለ ጨዋታ የምትሠሩ ከሆነ ክፍሉን መጀመሪያ በአንድ ቀለም ሥሩት፤ ያኔ ካልተነበበ ቀለም መጨመሩ አያድነውም። ሰያፍ መስመሩንም በ30 ዲግሪ አታስምሩ፤ ነጥቦቹ የሚሠሩት ደረጃ ወጣ ገባ ይላል። ሁለት ነጥብ ወደ ጎን፣ አንድ ነጥብ ወደ ላይ ሂዱ፤ 26.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ መስመሩም ንጹሕ ይወጣል።

«የመጀመሪያው አይሶሜትሪክ ጨዋታ ነው» የሚባለውም ስሕተት ነው። የሴጋ «ዛክሰን» በ1982፣ የሳንዲ ዋይት «አንት አታክ» ደግሞ በ1983 በዚያው በስፔክትረም ላይ ቀድመውታል።

ሥዕሎቹም ጥልቀት የላቸውም። የዕቃው ቦታ በሦስት ቁጥሮች ይመዘገባል፤ ሥዕሉ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ከኋላ ወደ ፊት ይደረደራል፣ ከኋላው ያለውንም በራሱ ቅርጽ ልክ ይሸፍናል።

ጨዋታውን ዛሬ በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም) ስትጫወቱ፣ ዕቃ የበዛበት ክፍል ውስጥ ሲጎተት «ኢሙሌተሩ ተበላሽቷል» ብላችሁ ፍጥነቱን አትጨምሩ። በመጀመሪያው ማሽን ላይም ይጎተት ነበር፤ 3.5 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ደጋግሞ ይሥላል። ዕቃ ባነሰበት ክፍል ይፈጥናል፤ ዝላያችሁን በየክፍሉ ፍጥነት ልክ ተለማመዱ።