የሴቶች እኩል ውክልና በሕግ ይደንገግ ሲባል በደሴና በኮምቦልቻ የሚደመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሴቶች በምክር ቤት፣ በካቢኔ፣ በዳኝነትና በቀበሌ አስተዳደር ከወንዶች እኩል እንዲወከሉ በሕግ ይደንገግ የሚለው ሐሳብ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሲነሳ፣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የያዘው አቋም አለው። ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕጉ ላይ ሳይሆን ስለ ሕጉ በሚወራው ላይ ነው። ጉዳዩ ከሩቅ የመጣም አይደለም። ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት ልዩነት ለማስወገድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባወጣው 40ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ፣ አባል አገሮች በውሳኔ ሰጪ አካላት ሁሉ የሴቶችና የወንዶችን ድርሻ እኩል ለእኩል እንዲያደርጉ ጠይቋል። እኔ ሕጉ ያስፈልጋል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም በሰፊው ሲነገሩ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ እያነሣሁ አስረዳለሁ።

«ኮታው እኮ በሕግ ተደንግጓል፤ ሌላ ሕግ ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሴቶች በብዛት የተቀመጡበትን ምክር ቤት በቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው እንዲህ ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ሴቶች ያገኙት 42 ብቻ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ቁጥሩ 212 ደረሰ፤ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ድርሻቸው 41 በመቶ ገደማ ሆነ። ይህን ለውጥ ያመጣው ግን የሕግ ግዴታ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ ከዕጩዎቹ 30 በመቶዎቹ ሴቶች እንዲሆኑ በራሱ ውሳኔ በማድረጉ፣ ያ ልማድም ከዚያ በኋላ በመቀጠሉ የመጣ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱት የበታችነት እንዲታረም በተጨማሪ የድጋፍ እርምጃዎች የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሆኖም አንድ ፓርቲ ስንት ሴት ዕጩ ማቅረብ እንዳለበት አይናገርም። የምርጫ አዋጁም፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች ከመንግሥት የሚያገኙት ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ብዛት እንዲታሰብ በማድረግ ያበረታታል እንጂ፣ ሴት ያልተካተተበትን የዕጩዎች ዝርዝር የሚያስመልስ ድንጋጌ የለውም።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10 ሴቶች ሲሾሙ፣ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሲሆኑና ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን ሲረከቡ ብዙዎቻችን በእውነት ተደስተናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ግን የሴቶች ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ጊዜ የተጣሰ አንድም ሕግ አልነበረም፤ ቁጥሩ የወጣው በአንድ አስተዳደር ውሳኔ ስለነበረ የወረደውም በውሳኔ ነው። እኩልነት የባለሥልጣን ችሮታ እስከሆነ ድረስ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ሕግ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

«መቀመጫ አስቀድሞ መመደብ ከዴሞክራሲ ጋር ይጋጫል»

ሕገ መንግሥታችን ራሱ ይህን አድርጓል። አንቀጽ 54 የተለየ ውክልና ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ለታመነባቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ይሰጣል፤ ይህንንም ዴሞክራሲን የሚያፈርስ ነው የሚል የለም። ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖች ድምፃቸው እንዳይዋጥ መቀመጫ መመደብ ተገቢ ከሆነ፣ ከሕዝቡ ግማሽ ለሚሆኑት ሲሆን ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

«ኮታ ብቃት የሌለውን ያስገባል»

ይህን የሚሉት ሁሉ ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ስለ አስተዳደር ጥራት ከልብ የሚጨነቁ ናቸውና መልሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ፣ የምክር ቤት አባል ለመሆን የብቃት ፈተና ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም። ዕጩ የሚለየው በፓርቲ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀውንና አብሮት የሠራውን ሰው ነው። በወንዶች መተዋወቅ የተሞላ ወንበር በብቃት የተሞላ ነው ብሎ ማመን ያለማስረጃ ማመን ነው።

ማስረጃው ሌላ ይላል። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የምርጫ ዝርዝሩን አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት እያፈራረቀ እንዲያዘጋጅ ወስኖ ነበር። ተመራማሪዎች የዓመታት መረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ከውሳኔው በኋላ የተመረጡት ወንዶች አማካይ ብቃት ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። ቦታውን የለቀቁት ችሎታቸው መካከለኛ የነበሩ ወንዶች፣ በተለይም እንዲህ ያሉ መሪዎች ነበሩ። ጎበዙ ወንድ በሴቶች መግባት አልተጎዳም።

ሁለተኛው ማስረጃ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ ባዋለችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤት መቀመጫዎችና ከሊቀ መንበርነት ቦታዎች አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች አደረገች። ለሴት ሊቀ መንበር የተመደቡት መንደሮች የተለዩት በዕጣ መሰል ዘዴ ስለነበር ማነጻጸር ቀላል ሆነ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎና የጥናት ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ሴቶች የመሯቸው መንደሮች ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ገንዘብ እንደመደቡ አረጋግጠዋል፤ የሴቶቹ አቤቱታም በዋናነት የመጠጥ ውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት የደሴ ሰፈር ጄሪካን አሰልፋ የምትጠብቀው ማን እንደሆነች እናውቃለን። የውሃውን በጀት በሚያጸድቀው ስብሰባ ላይ እሷን የሚመስል ሰው ስንት አለ ብሎ መጠየቅ ብቃትን መናቅ አይደለም፤ ችግሩን በየቀኑ መኖርም አንድ የዕውቀት ዓይነት ነው።

«ባህላችንና ሃይማኖታችን ሴት እንድትመራ አይፈቅዱም»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በወሎም ይተረታል። የወሎ ታሪክ ግን ከተረቱ ጋር አይስማማም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የወሎዋን ግዛት ወረ ሂመኖን ያስተዳድሩ የነበሩት ወይዘሮ ወርቂት ናቸው፤ ተቀናቃኛቸውም ሌላዋ ሴት ገዥ፣ ወይዘሮ ማስተዋት ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲያቀኑ የተቀበሏቸውና ያሳለፏቸው ወይዘሮ ወርቂት ሲሆኑ፣ በመቅደላ እስር ላይ የነበረው ልጃቸው በዚሁ ጉዳይ ሕይወቱን አጥቷል። የአገሪቱን ቀጣይ ታሪክ የለወጠ ውሳኔ በአንዲት የወሎ ሴት እጅ እንደነበረ ለልጆቻችን አጥብቀን የነገርናቸው አይመስለኝም። ከደሴ በስተ ሰሜን አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ጠብ ሲያስነሣም፣ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት የተሟገቱት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ።

ከቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ ሰፈር ብንመጣ፣ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ወንዱም ሴቱም ምርቃታቸውን ይሻል፤ ቃላቸውም ይከበራል። ነገር ግን የተጣሉትን የሚያስታርቀው አበጋር ወንድ ነው፤ የቅሬው (የእድሩ) ዳኛም በአብዛኛው ወንድ ነው። እንግዲህ ባህሉ የሴትን ቃል ማክበር ያውቅበታል፤ የጎደለው ያ ክብር የውሳኔ ወንበር ላይ መድረሱ ነው።

ስለ ሃይማኖት ለሚነሳው ጥያቄ ደግሞ ሴኔጋልን መመልከት ይጠቅማል። ከሕዝቧ ከ90 በመቶ በላይ ሙስሊም የሆነችው ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የእኩልነት ሕግ አጽድቃ፣ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ያልተደረደሩበት የዕጩዎች ዝርዝር ተቀባይነት እንዳይኖረው ደነገገች። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምርጫ ሴቶች ከ150 የብሔራዊ ምክር ቤት መቀመጫዎች 64ቱን ያዙ።

«ሴቶቹ ራሳቸው አይፈልጉም፤ ሕዝቡም አይመርጣቸውም»

ሁለተኛው ክፍል አጭር መልስ ይበቃዋል፤ መራጩ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀቱ ላይ ከቀረበለት መካከል ነው፤ በወረቀቱ ላይ ማን እንደሚቀርብ ደግሞ ፓርቲው ቀድሞ ወስኗል። በአገራችን ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1957 ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። የመረጣቸው ያው ሕዝብ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ግን ልብ ይበላል። በ2009 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት ሥራ የተሰማሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዲት ሠራተኛ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ በጋራ ወደ ተከራየቻት ክፍል ደርሳ፣ ምግብ አብስላ ስትቀመጥ የቀበሌው ስብሰባ ካለቀ ቆይቷል። ልጆች ያሏት የደሴ ነጋዴም ሱቋን ዘግታ ቤቷ ስትገባ ሌላ የሥራ ቀን ይጀምራታል። ስብሰባ የሚጠራበት ሰዓት፣ ለምረጡኝ ዘመቻ የሚወጣው ገንዘብ፣ አምሽቶ ወደ ቤት መመለስ ያለው ስጋት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ በትዳሯና በአካሏ ላይ የሚዘንበው ስድብ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ የሚያስቀራትን ሴት «አትፈልግም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ ቤተሰብ ያሸሸውና የተረፈውን እህል አካፍሎ ያቆየው በብዛት እናቶች እንደነበሩ ያየን ሁሉ፣ ኃላፊነት መሸከም አይፈልጉም የሚለውን ልንቀበል አንችልም።

«ኮታ ከተጀመረ ለዘላለም ሴቶችን ያስቀድማል»

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። ከላይ የጠቀስኩት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 4 የሚፈቅደው ልዩ የድጋፍ እርምጃ ጊዜያዊ ነው፤ ዓላማው ሲሳካ ይቆማል። እኩል ውክልና ግን ድጋፍ ሳይሆን የሥልጣን አከፋፈል ደንብ ነው፤ ማንንም ስለማያስቀድም የሚያልቅበት ቀን አያስፈልገውም። ሩዋንዳ በ2003 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ለሴቶች ቢያንስ 30 በመቶ በማለት ከ80 መቀመጫዎች 24ቱን መደበች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ምርጫ ግን 51 ሴቶች ገቡ፤ 27ቱ ያሸነፉት ከተመደበው ውጭ ነው። ወንዶች ወደፊት ድርሻቸው እንዳያንስ የሚሰጉ ከሆነ፣ ከየትኛውም ኮታ ይልቅ የሚጠብቃቸው ግማሽ ለግማሽ የሚለው ሕግ ነው።

«ሕጉ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ»

የመጨረሻው ስህተት የደጋፊዎች ነው፤ እኔንም ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በተመራጭ አካላት ከአባላቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የአንድ ፆታ ሰዎች እንዳይሆኑ ይደነግጋል፤ ፓርላማው ግን ማስፈጸሚያውን ሕግ ሳያወጣ ስለቆየ ዋና ዳኛው ዴቪድ ማራጋ በ2020 እ.ኤ.አ. ፓርላማው እንዲበተን እስከ መምከር ደረሱ፤ ምክሩም አልተፈጸመም። ፈረንሳይ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሴት ዕጩ ያላሟሉ ፓርቲዎች የገንዘብ ድጎማቸው እንዲቀነስ አደረገች፤ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ቅጣቱን መክፈል መረጡና በ2002 የብሔራዊ ምክር ቤቱ የሴቶች ድርሻ 12 በመቶ ገደማ ላይ ቀረ። በሜክሲኮ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የተመረጡ ሴቶች ምክር ቤቱ ሥራ እንደጀመረ መቀመጫቸውን ለተጠባባቂ ወንዶች ሲለቁ ታዩ፤ ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የምርጫ ፍርድ ቤት ተጠባባቂው የግድ የዕጩዋ ተመሳሳይ ፆታ እንዲሆን አዘዘ።

ስለዚህ የምርጫ አዋጁ ሲሻሻል ሊጻፉበት የሚገቡት ነገሮች ከእነዚህ አገሮች ተሞክሮ ይታወቃሉ። ምርጫ ቦርድ እኩልነቱን ያልጠበቀ የዕጩዎች ዝርዝር አልመዘግብም የማለት ሥልጣን ሊኖረው፣ ፓርቲዎች ሴቶችን በማያሸንፉበት የምርጫ ክልል ብቻ እንዳይመድቡ ሊከለከሉ፣ ሴት ስትለቅም በሴት ልትተካ ይገባል። በየምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎችና በከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ሰብሳቢነትና ኃላፊነት ሲደለደልም ሴቶች በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ብቻ እንዳይወሰኑ፣ በፋይናንስ፣ በመሬት አስተዳደርና በጸጥታም እንዲመደቡ መደንገግ አለበት። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች አጠቃላይ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ ከመጠራቱ በፊት እነዚህን ድንጋጌዎች አዋጁ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የደሴና የኮምቦልቻ ሕዝብም ይህን ጥያቄ ለመረጣቸው ተወካዮች ከአሁኑ ሊያቀርብ ይችላል።