የረጅም ርቀት ዋይፋይ ምንድን ነው? ለገጠር ሕክምናስ ምን ይፈይዳል?

የቤታችን ዋይፋይ ከሳሎን ተነሥቶ መኝታ ቤት እስኪደርስ ይደክማል። ይኸው ዋይፋይ ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አንድን የገጠር ጤና ጣቢያ ከሆስፒታል ጋር ያገናኛል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆይቷል። የረጅም ርቀት ዋይፋይ የሚባለው ኬብል ሳይቀበር፣ የሞባይል ማማም ሳይጠበቅ፣ ሁለት ቦታዎችን በተለመደው የዋይፋይ ሞገድ፣ ማለትም በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርትዝ፣ ፊት ለፊት ማገናኘት ነው። ከቤቱ ዋይፋይ የሚለየው በዋናነት በአንቴናውና በውስጡ በሚሠራው ፕሮግራም ነው።

የቤት ራውተር እንደ ፋኖስ ነው፤ ለአራቱም ማዕዘን ያበራል። አቅጣጫ ያለው አንቴና ግን ያንኑ ጉልበት እንደ እጅ ባትሪ ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ይልከዋል። በሁለቱም ጫፍ እንዲህ ያለ አንቴና ተተክሎ በትክክል ከተያየ የሚደረስበት ርቀት ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊና ባልደረቦቻቸው በቬንዙዌላ ከፒኮ ዴል አጊላ ተራራ 382 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ሌላ ተራራ ጋር በዋይፋይ ተገናኝተዋል። ይህ ለክብረ ወሰን ያህል ነው፤ ለሕክምና ሥራ የሚዘረጉት መስመሮች ከዚህ እጅግ ያጠሩ ናቸው።

“መተያየት” የምንለው ነገር በዓይን ከሚታየው ትንሽ ይሰፋል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ የ30 ኪሎ ሜትር መስመር መሐሉ ላይ በዙሪያው 18 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የምድር ክብነትም እዚያው መሐል ላይ 13 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጨምርበታል። ስለዚህ ዛሬ በቴሌስኮፕ ወለል ብሎ የሚታይ ጫፍ፣ ከስር የተተከለ ባሕር ዛፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲያድግ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ዋይፋይ ሲነደፍ የታሰበው ለአንድ ሕንፃ ነው። ላኪው አንድ መልእክት ልኮ “ደርሶኛል” የሚል ማረጋገጫ የሚጠብቀው ለዐይን ጥቅሻ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር ማዶ ግን፣ በብርሃን ፍጥነትም ቢሆን፣ ደርሶ መልስ ብቻ 200 ማይክሮሴኮንድ ይፈጃል። ላኪው ትዕግሥት አጥቶ መልእክቱ ጠፍቷል ይልና ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል እያወሩ ይጋጫሉ፤ መስመሩ ተዘርግቶም ሥራ አይሠራም። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረጉት ሥራ ይህንን ቀየሩት፤ ሁለቱ ጫፎች በተራ እንዲናገሩ፣ ማረጋገጫውም ተጠራቅሞ በአንድነት እንዲመጣ አደረጉ። ርካሹ መሣሪያ ለረጅም መንገድ የበቃው እንዲህ ባለው ለውጥ ነው።

ተመራማሪዎቹ ይህን ቴክኖሎጂ ወደ ሥራ ያስገቡት በደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በማዱራይ ከተማ በ11 አልጋ ሥራ የጀመረው የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በቴኒ ከተማ ቅርንጫፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ይህ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከአምስት የገጠር የዓይን ማዕከላት ጋር በረጅም ርቀት ዋይፋይ ተገናኘ፤ ኋላም ማዕከላቱ በረከቱ። ማዕከል ሲባል ትልቅ ነገር አይታሰብ፤ ሐኪም የማይቀመጥበት አነስተኛ ቤት ነው። የሚሠሩት ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሆስፒታሉ ለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚያሠለጥነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የገጠር ሴቶችን ነው።

ታካሚዋ ትገባለች። ባለሙያዋ በፊደል ሰሌዳ የማየት ችሎታዋን ትለካለች፤ ቀጥሎ ታካሚዋ አገጯን ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ ላይ ታሳርፋለች፣ የዓይኗም ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ቴኒ ያለው ሐኪም በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ብቅ ይልና ለጥቂት ደቂቃ ያነጋግራታል። የብዙዎቹ ችግር እዚያው በመነፅር ወይም በጠብታ ያልቃል። የዓይን ሞራ ያለባት ከሆነ ቴኒ ሄዳ ቀዶ ሕክምና እንድታገኝ ይነገራታል። መስመሩ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይኸው ይመስለኛል፤ መሄድ የሚገባውን ከማይገባው ይለያል። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው መነፅር ያስፈልግሃል ለመባል ብቻ የአንድ ቀን ደሞዝና የአውቶቡስ ክፍያ አያወጣም።

በፔሩ አማዞን የሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ተራ ነው፤ እኔ ግን የማደንቀው ተራነቱን ነው። የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በመገናኛ የሚያገናኘው የስፔኑ ኢሃስ ድርጅት በአልቶ አማዞናስ ግዛት በመጀመሪያ የዘረጋው ዋይፋይ እንኳ አልነበረም፤ ድምፅና ኢሜይል የሚያስተላልፍ የሬዲዮ መስመር ነበር። የጤና ባለሙያዎቹ መድኃኒት አለቀብን ለማለት፣ ወርሃዊ ሪፖርት ለመላክ፣ ግራ ያጋባቸውን በሽታ ሐኪም ለመጠየቅ፣ ሲብስም ጀልባ ለመጥራት ተጠቀሙበት። ቀደም ሲል ለሪፖርት ብቻ ሰዓታት በወንዝ ይጓዙ ነበር። በኋላ በናፖ ወንዝ ዳር ከኢኪቶስ ከተማ እስከ ኢኳዶር ድንበር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የዋይፋይ ሰንሰለት ተዘረጋ። አገሩ ሜዳማ ደን ስለሆነ ከዛፎቹ በላይ ለመተያየት እስከ 90 ሜትር የሚደርሱ ማማዎች መትከል ግድ ሆኗል።

በእኛ ደጋማ አገር ማማውን ተራራው ይተካዋል። መንገድ የሚያስመርረን መልክዐ ምድር ለሞገድ ደግ ነው፤ ገደል ውስጥ የተቀመጠው ቀበሌ ግን ጫፍ ላይ መቀባበያ ጣቢያ ካልተተከለለት አያገኝም። በኢትዮጵያ አሠራር አንድ ጤና ኬላ እስከ 5 ሺህ፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25 ሺህ ያህል ሰው ያገለግላል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የሪፈር ወረቀት ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአገሪቱ ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር ነው፤ የዓይን ሐኪሞቹ ግን በአመዛኙ በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚሠሩበት የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበትም ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ለመዝገብ ይህ ይበቃል። ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ፊት ለፊቷ ተኝታ ሐኪም ለመጠየቅ ለፈለገች አዋላጅ ግን አይበቃም። አገራችን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ከህንዷ ሃይደራባድ ሐኪሞች ጋር ያገናኘ የርቀት ሕክምናም ሞክራለች። ጥሩ ነው፤ ለዚያች አዋላጅ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠቅማት አምቡላንስ ሊልክላት የሚችለው የቅርቡ ሆስፒታል ነው።

ጥሩ የሞባይል ኢንተርኔት የሚደርስበት ቦታ ላይ ይህን ሁሉ መትከል በእኔ ግምት ከንቱ ድካም ነው። በማይደርስበት ግን ሊታሰብ ይገባል፤ የሬዲዮ ሞገድን ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ መጀመሪያ የሚኬደው ወደዚያ ነው።

አቅዶ ለተነሣ ሰው የቴኒዎቹ ልምድ ይጠቅማል። የበርክሌይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 እንደጻፈው፣ ካጋጠሙት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከሞገዱም ከርቀቱም የመጡ አልነበሩም፤ ምንጫቸው ኤሌክትሪክ ነበር። መብራት ሲዋዥቅ የመሣሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያቃጥላል፣ ባትሪ ይገድላል፣ ራውተሩን መሐል ላይ ሰቅዞ ያስቀረዋል። ማዕከሉ ደውሎ “ኢንተርኔት የለም” ሲል ችግሩ አንዳንዴ የተነቀለ ሶኬት ነው። ስለዚህ ከአንቴናው እኩል የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ ሶላርና መለዋወጫ መገዛት አለበት፤ ማማው ላይ ወጥቶ የሚያስተካክል ሰውም ከዚያው ከወረዳው መሠልጠን ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቀርብ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ባትሪው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ሲሞት ከየትኛው በጀት እንደሚተካ የተጻፈበትን መስመር ነው።