ስለ አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ለመሥራት የሚለፉ ልጆች አውቃለሁ። ቀን ሥራ ወይ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ማታ ተሰብስበው ይለማመዳሉ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ታሪካቸው ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ ስለሚቀዝፍ ወጣት ነው። ገንዘብ ይቸግራቸዋል፣ እውነት ነው። ግን ከገንዘቡ እኩል እጅ እግራቸውን ያሰራቸው ከዚህም ከዚያም የሰሙት አባባል ነው።

«ያላለቀ ሥራ ለሰው አይታይም»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደራሲው ድርሰቱን ደብቆ ይይዛል። አልባሳት ተሰፍቶ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ቲኬት ተሽጦ ካበቃ በኋላ ነው ሰው የሚያየው። ያኔ ስህተቱ ቢታወቅም ለማረም ገንዘቡም ጊዜውም የለም።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ገና ጥሬ እያለ ሰው ፊት ይቀርባል። በአገሪቱ የተዋንያን የሙያ ማኅበር ደንብ የሚካሄድ «የ29 ሰዓት ንባብ» የሚባል አሠራር አለ። ልምምዱና ማቅረቡ ተደምሮ ከ29 ሰዓት አያልፍም። አልባሳት የለ፣ የመድረክ ግንባታ የለ። ተዋንያኑ ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው ያነባሉ፣ ይዘፍናሉ። ከዚያ ረዘም ያለ ወርክሾፕ ሊከተል ይችላል። ስለ ዳንሰኞች የሚያወራው ሙዚቃዊ ቴአትር «ኤ ኮረስ ላይን» እንዲህ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንሰኞች ተሰብስበው ስለ ሕይወታቸው ያወሩት በቴፕ ተቀዳ። በወርክሾፕ ታሽቶ በ1975 መድረክ ላይ ወጣ። ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች መንደር፣ 6,137 ጊዜ ታየ።

ለጎጃም ሰው ይሄ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ። ቤት ያልመታውን፣ ምስጢሩ የላላውን ይነግሩታል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መታረም እዚያ ውርደት አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ ነው።

ልጆቹ በመጨረሻ እንዲህ ያለ ንባብ ለማዘጋጀት እሺ አሉ። አንድ ክራር፣ ሃያ የሚሆን ወንበር፣ የተጠራ ጎረቤት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ጽሑፉ ላይ ቦታውን ምልክት አደረግንበት። ለካ ቀዛፊው ምን እንደሚፈልግ እስከዚያ ድረስ አልነገረንም! አሁን በሁለተኛው ዘፈን ይናገራል። በሚቀጥለው ንባብ እዚያ ቦታ ላይ ስልክ ያወጣ ሰው አላየሁም።

«ዘፈኑ ካማረ ሌላው ይሸፈናል»

ጥሩ ዜማ አልበም ላይ ብቻውን ይቆማል። መድረክ ላይ ግን ዘፈን ሥራ አለው። ገጸ ባሕርዩ ዘፍኖ ሲጨርስ ሲጀምር በነበረበት ቦታ መገኘት የለበትም። ወይ ወስኗል፣ ወይ አንድ ነገር ገብቶታል፣ ወይ ተሸንፏል። ዘፈኑ ወጥቶ ታሪኩ ምንም ካልጎደለው፣ ይውጣ። አዳራሹን ሙሉ እስክስታ የሚያስመታ ቢሆንም ይውጣ።

ዘፈኑ የገባበት ቦታም እንደ ዜማው ያህል ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴፈን ሶንድሃይም ዜማና ግጥሙን የሠራለት አንድ ኮሜዲ ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት ዋሽንግተን ላይ ሲሞከር ተመልካቹ ቀዘቀዘ። አዘጋጁና የዳንስ ቀማሪው ጀሮም ሮቢንስ ተጠርቶ አየውና ችግሩ መክፈቻው ላይ ነው አለ። መክፈቻው ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነበር። ተመልካቹ ሊስቅ እንደመጣ የነገረው የለም። ሶንድሃይም «ዛሬ ማታ ኮሜዲ ነው» ብሎ የሚያውጅ አዲስ መክፈቻ ጻፈ። ሥራው ተነሳ፤ ኒው ዮርክም ላይ ተሳካለት።

«ግምገማ ማለት ወደድኩት፣ አልወደድኩትም ነው»

«እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰውን ይሉኝታ ይይዘዋል። «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ብሎ ይሄዳል። እኛ እንዲህ እንጠይቃለን፦ ልጁ ምን ፈልጎ ነበር? ታሪኩ የት ጋ ጠፋብህ? የትኛው ዜማ አፍህ ላይ ቀረ? መፍትሔ ግን አንጠይቅም። እሱ የደራሲው ሥራ ነው።

አዝማሪን ተመልከቱት። ዓይኑ ከሰው ፊት አይነሳም። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ግጥሙን ይለውጣል።

«ማስታወቂያ የሚጀመረው ፖስተር ሲለጠፍ ነው»

«ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1970 በመጀመሪያ የወጣው በአልበም ነው። ብሮድዌይ የገባው በ1971። ብዙ ሰው ቲኬት ሲገዛ ዘፈኖቹን ያውቃቸው ነበር። እዚህም ይቻላል። አንድ ዘፈን በክራር ብቻ ቅዱና ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ባጃጅ ውስጥ ተከፍቶ ብትሰሙት ማንም ፖስተር የማያመጣውን አምጥቷል። ንባብ የመጡትን ሰዎች ስልክ ቁጥር መዝግቡ። ሥራው ሲስተካከል ያዩ ሰዎች እንደ ራሳቸው ልጅ ያወሩለታል። ስፖንሰርም ቢሆን ደብዳቤ ከምትልኩለት ንባቡ ላይ ጥሩት።

«ሃያሲ ከጣለው አበቃለት»

«ሌ ሚዜራብል» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ላይ ሲከፈት ብዙ የጋዜጣ ሃያስያን ወቅሰውታል። ሰው ግን ቲኬት ለመግዛት ተሻማ። ከ30 ዓመት በላይ ታየ።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው»

ስሙና የንግድ አሠራሩ ከውጭ የመጣ ነው፤ አልክድም። ቴአትርን ከግጥምና ከዜማ ጋር ማስኬድ ግን የቆየ ነገራችን ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፣ የቅኔ ሰው። ተውኔቶቹን ግጥምና ዜማ ጨምሮባቸው ነው መድረክ ላይ ያወጣቸው። ትዝታና አምባሰልም ሐዘንና ናፍቆት መሸከም ማንም አላስተማራቸውም።

ልጆቹ አሁን ሦስተኛውን ንባብ እያዘጋጁ ነው። በዚህኛው ሁለት ታንኳ ቀዛፊዎች ተጠርተዋል። የቀዘፋው ዘፈን ምት ከክንዳቸው ጋር ይሄድ እንደሆነ እነሱ ይነግሩናል።